ከቅርጫቱ አናት የተቀመጡት ሦስት ዓሦች

ኡላሲ በሄራ ፊደል አልቆጠረችም። ይህን ከመጀመሪያው የምናገረው እሷን የሚንቁ ሰዎች እዚህ ላይ አቁመው ወደ ጉዳያቸው እንዲሄዱ ነው። እኔም ብሆን ከአራተኛ ክፍል ወዲህ ያነበብኩት ዓሣ የተጠቀለለበትን ጋዜጣ ነው፤ የተማረ ሰው ወግ የሚጠብቅ ካለ እሱም ይሂድ። የቀረነው እንነጋገር።

በቺሊካ ሐይቅ ዳር ባለችው መንደራችን በኩምቢርፓዳ፣ ጀልባዎች በሚራገፉበት ቦታ አንድ የቆርቆሮ ጣራ ያለው መደብ አለ። ኡላሲ እዚያ መደብ ላይ ሃያ ሁለት ዓመት ተቀምጣለች። ሥራዋ የሐይቁን ዓሣ ከባሕሩ ዓሣ መለየት ነበር። ሐይቃችንን ከባሕር የሚከልለው ረጅም የአሸዋ ግድግዳ ነው፤ ግድግዳው ጠባብ አፍ አለው፤ በዚያ አፍ በበጋ ጨው ውኃ ይገባል፣ በክረምት የወንዝ ውኃ ይወጣል። አጥማጁም ሁለት ነው። እኛ በቀርከሃ ወጥመድ ከሐይቁ እንይዛለን፤ ከአሸዋው ማዶ ያሉት ኖሊያዎች በመረብ ከባሕር ይይዛሉ። ሁላችንም የምናወርደው እዚሁ ነው። ነጋዴ የሐይቁን አስበልጦ ስለሚገዛ የማኅበራችን ሕግ አያወላዳም፤ የባሕር ዓሣ ከሐይቅ ቅርጫት ቀላቅላ የተገኘች ዓሣ ለዪ መደቧን ታጣለች።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ቦሮጋ ነው። ቦሮጋ ክንድ የሚያህል፣ ብርማ፣ ከውኃ ሲወጣ ሆዱ ውስጥ የሚያጉረመርም ዓሣ ነው። በሐይቁም አለ፣ በባሕሩም አለ። ጎን ለጎን ብታስተኛቸው መንትያ ናቸው። ኡላሲ ግን አውራ ጣቷን ከመተንፈሻው ከስንጥቡ ኋላ አሳርፋ፣ ትንፋሽ ለማይሞላ ጊዜ ጫን ታደርግና «የኛ» ወይም «የነሱ» ብላ ትወረውረዋለች።

አንድ ጊዜ ኒታይ የሚባለው የኮልካታ ነጋዴ ዓይኗን በገዛ ፎጣው አሰረባት።

«እትዬ፣ ሌባ ዓይንሽን እንያዘውና በጣትሽ ብቻ ንገሪኝ» አላት።

አሥራ አንድ ቦሮጋ አቀበላት፤ አሥራ አንዱንም ለየች። አሥራ ሁለተኛውን ስትነካ አፍንጫዋን ያዘች።

«ይሄ የኛም የነሱም አይደለም። ትናንት የሞተ ነው። ከራስህ ቅርጫት ነው ያመጣኸው።»

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ኒታይም ሳቀ፤ ግን ያን ሳቅ ቂም አድርጎ እንደያዘው በኋላ ነው ያወቅኩት።

«ቆይ ግን ምኑ ነው የሚለየው?» ብዬ ጠየቅኳት።

«የኛው ሲጫኑት ይሸሻል። የነሱ መልሶ ይገፋል።»

«ለምን?»

«እሱን ነው እኔም የምለው!» አለች። «አንድ ዓሣ ከሆኑ ለምን አይመሳሰሉም? ሁለት ከሆኑ ደግሞ ማን ለያቸው? የሐይቁ አፍ እንደሁ ክፍት ነው።»

ይህን ጥያቄ የሐይቃችንን እናት አምላክ የካሊጃይን ቤተ መቅደስ ካህን ጠይቃለች። የትምህርት ቤቱን ርዕሰ መምህር ጠይቃለች። ካህኑ እናታችን ካሊጃይ ታውቃለች አላት፤ ርዕሰ መምህሩ ምሳ ሰዓቱ መድረሱን ነገራት። በአሥራ ስድስት ዓመቷ ከደሴት ወደዚህ ተድራ የመጣች፣ ባሏ ባይዳር በሁለት ጀልባ መካከል ጉልበቱ ከተሰበረ ጀምሮ ቤቱን በዚያ መደብ ያቆመች ሴት ናት። ጊዜ የተረፋት ሴት አይደለችም። ጥያቄው ግን አልለቀቃትም።

አምና ዝናቡ እንዳበቃ ከዓሣ ቢሮ አንድ ሹም መጣ። በማኅበሩ አዳራሽ ሰበሰበንና ሻይ እየጠጣ ዕቅዱን ነገረን። ሰባት ምሰሶ የምንለው ወሽመጥ አለ፤ ወጥመዶቻችን የሚተከሉበት ጸጥ ያለ ውኃ ነው። ቢሮው እዚያ ውስጥ አራት መቶ ሺህ የቦሮጋ ጫጩት ሊለቅ፣ ከዚያም አንድ ኮንትራክተር ወሽመጡን በመረብ አጥሮ ሁለት ዓመት ሊጠብቀው ነው።

«ዓሣ ቀነሰብን ስትሉ አልነበረም?» አለ ሹሙ። «ይኸው፣ ዓሣ እንጨምርላችሁ።»

ሴቶች ከበሩ አጠገብ ነው የሚቀመጡት። ኡላሲ ከዚያው ሆና ተናገረች።

«ጌታዬ፣ የጫጩቶቹ እናት ከየት ናት?»

«ከባሕር። ንጹሕ ቦሮጋ ናት።»

«እሱማ የነሱ ቦሮጋ ነው። ሰባት ምሰሶ የኛዎቹ እንቁላል የሚጥሉበት ነው። አራት መቶ ሺህ እንግዳ ካስገባንበት የኛዎቹ የት ሊወልዱ ነው?»

«አክስቴ» አለ ሹሙ ፈገግ ብሎ፣ «ዓሣ እኮ ፓስፖርት የለውም።»

ኮንትራክተሩ ወንበሩ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። እኔ ተነሥቼ ጮህኩ። ምን እንዳልኩ በሙሉ አላስታውስም፤ «አባትህ ጫማ ሳይኖረው ይህቺ ሴት ዓሣ ታውቅ ነበር» ማለቴን ግን ሰዎች ይመሰክራሉ። ሹሙ ብርጭቆውን አስቀመጠና «ማስረጃ አምጡ። በጣት የተነካ ሳይሆን የተጻፈ» አለን።

ማስረጃውን ልታመጣ የምትችል አንዲት ልጅ ነበረች። ኢፕሲታ ትባላለች፤ ከዩኒቨርሲቲ የመጣች፣ የሐይቅና የባሕር ዓሣ ዘረመል የምታጠና፣ ፀሐይ አፍንጫዋን የላጠው ቀጭን ልጅ። ከሐይቁ አርባ፣ ከባሕሩ አርባ ቦሮጋ ፈለገች። የባሕሩን አርባ ከማዶ ወስዳ ጨርሳለች። የሐይቁን ለመጠበቅ ኡላሲ ቤት ሳምንት አደረች። ማታ የተነከረ ሩዝ በደረቅ ዓሣና በቃሪያ ስትበላ ዓይኗ ያነባል፤ ኡላሲ ግን አላዘነችላትም፤ በጥያቄ ነው ያጣደፈቻት።

«ዘረመል ምንድነው?»

«ዓሣው ከእናቱና ከአባቱ የወረሰው ጽሑፍ በይው፣ አክስቴ። ሰውነቱ ውስጥ ሁሉ አለ። ከክንፉ ቁራጭ ብወስድ ይበቃኛል።»

«ዓሣ ያነባል በይኛ!»

«አያነብም። ተጽፎበታል እንጂ።»

«እንደኔ ነዋ» አለች ኡላሲ፤ ባይዳር የሚያኝከው ቅጠል አነቀው።

ኢፕሲታ ከቤቱ ማገር ላይ የተሰቀለውን የአያቶች የዘንባባ ቅጠል መጽሐፍ አየችና በእሱ አስረዳቻት። ሁለት ሰዎች ከአንድ መጽሐፍ ገልብጠው ቢለያዩ፣ ልጆቻቸውም ከየራሳቸው ቅጂ እየገለበጡ ብዙ ዘመን ቢኖሩ፣ የዚህኛው ወገን ስህተት እዚያኛው ዘንድ አይገኝም። ቅጂ የሚዋዋሱ ከሆነ ግን ስህተቱ ይደባለቃል።

ኡላሲ ቀና ብላ መጽሐፉን አየችው።

«እንግዲህ አንቺ የምትፈልጊው ስህተቱን ነው።»

«አዎ፣ ስህተቱን ነው።»

«መልካም። ስህተት እንሰጥሻለን።»

ሳምንቱ ሲያልቅ ኡላሲ ራሷ ከሰባት ምሰሶ ወጥመዶች አርባ ቦሮጋ ቆጠረች። አንድ በአንድ በአውራ ጣቷ አለፉ። በበረዶ ደርድራ ቅርጫቱን ሞላች። ልጅቷ አውቶቡስ ሊያመልጣት ነው፤ እኔ ደግሞ ቅርጫቱን በብስክሌት ላደርስ ቆሜያለሁ።

ስለ ምራቂያችን አሁን መናገር አለብኝ። በኛ መንደር ቤትህ ላደረ እንግዳ የሰጠኸው ቅርጫት ቁጥሩን ብቻ ይዞ ከደጅ አይወጣም። ሦስት ዓሣ ይመረቅበታል፣ ከአናቱ ላይ ይቀመጣል። ምራቂው ደግሞ ከዚያው ክምር አይነሣም። ከራስህ ክምር ያነሣኸው የዕቃው አካል ነው፤ ምራቂ ማለት ለእንግዳህ ስትል ከጎረቤት ለምነህ ያመጣኸው ነው። ለነጋዴ ይህ አይደረግም። ለእንግዳ ግን አለማድረግ ነውር ነው።

ከመደቡ አጠገብ ፓይዳማ ተቀምጣ ነበር፤ ከማዶ የምትመጣ የኖሊያ ሴት፣ ቋንቋችንን እየሰባበረች የምትናገር፣ የኡላሲ የሃያ ዓመት ወዳጅ።

«ፓይዳማ፣ ሦስት ስጪኝ እስቲ።»

«ለማን?»

«ለልጅቷ ነዋ!»

«ለልጅቷማ የወፈረ ውሰጂ። እዩዋት እስቲ፣ ሸምበቆ እኮ ናት!» ብላ ፓይዳማ ከባሕር ቅርጫቷ ሦስት ቦሮጋ መረጠች፤ ሁለት እንቁላል ያዘሉ እንስቶች፣ አንድ ጅራቱን ሸርጣን የበላው ወንድ። ኡላሲ ተቀበለቻትና ከአርባው አናት አስቀመጠች፤ እርጥብ ጆንያ አለበሰችው። እኔ አየሁ። እኔ፣ በሹሙ ፊት የጮህኩት፣ ማስረጃ ማስረጃ እያልኩ መንደሩን ያደነቆርኩት ሰው፣ ሁለት ዓይኔን ከፍቼ አይቼ «ደግ ነው» ብዬ ቅርጫቱን ብስክሌቴ ላይ አሰርኩ። ምራቂ ይበላል እንጂ ይቆጠራል ብሎ ማን ያስባል?

ኢፕሲታ የከተማ ልጅ ናት፤ ምራቂ አታውቅም። ዩኒቨርሲቲው ስትደርስ ቅርጫቱን ከፍታ ከላይ ጀምራ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለች እስከ አርባ ቆጠረች፤ እየለካች፣ ከክንፋቸው እየቆረጠች፣ በየብልቃጡ ከተተች። ከታች የተረፉትን ሦስቱን ለዘበኛው ለእራት ሰጠችው።

ከአምስት ወር በኋላ ፊቷ ጠቁሮ መጣች። ኡላሲ ደጅ ላይ ባይዳር ቀርከሃ ሲሰነጥቅ አገኘችን። ውጤቱ ወጥቷል፤ ሪፖርቱ ቢሮ ገብቷል። ከሐይቁ አርባ ውስጥ የባሕር ጽሑፍ የያዙ ተገኝተዋል። ሹሙ ያንን አይቶ «ዓሣው እንደልቡ ይገባል ይወጣል፣ ስለዚህ አንድ ነው» ብሎ ወስኗል። ከዛሬ በአራተኛው ቀን ዕቅዱ በአዳራሹ ተፈርሞ ጫጩቶቹ በዚያው ሳምንት ይለቀቃሉ። ኮንትራክተሩ የአጥሩን ግንድ አስቀድሞ አራግፏል።

«ግን አንድ ነገር አልገባኝም» አለች ኢፕሲታ። «የሌሎቹ ጽሑፍ ጥርት ያለ የሐይቅ ነው። የነዚያ ጥርት ያለ የባሕር ነው። እየገቡ የሚጋቡ ከሆነ ግማሽ ግማሹ የት አለ? አንድ እንኳ ዲቃላ የለም።»

«አንድም?» አለች ኡላሲ።

«አንድም።»

ኡላሲ እጇን ግንባሯ ላይ አደረገች። ፊቷ ሲለወጥ አየሁት፤ ለእኔም በዚያው ቅጽበት ብስክሌቴ ላይ ያሰርኩት ቅርጫት ታወሰኝ።

«ምራቂው!» አለች።

«የምን ምራቂ?»

ኡላሲ ልትነግራት አፏን ከፈተች። ልጅቷ ግን ነገሩ ገባትና እጇን ዘረጋች።

«ቆይ፣ አክስቴ! ስንት እንደሆኑ፣ ምን እንደሚመስሉ አትንገሪኝ። ከነገርሽኝ እኔ ነኝ ያስጠናሁሽ ይላሉ። ስለ እያንዳንዱ ዓሣ የጻፍኩበት ደብተር ይኸው፤ ዛሬውኑ የማኅበሩ ሊቀ መንበር ሣጥን ውስጥ ይቆለፍበት። አንቺ በስብሰባው ፊት ተናገሪ።»

ባይዳር መቁረጫውን መሬት ላይ ሰካ።

«በስብሰባ ፊት የባሕር ዓሣ በሐይቅ ቅርጫት ጨምሬያለሁ ልትል ነው? መደቧንስ?»

«ምራቂ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል እኮ» አልኩ።

«አንተ ዝም በል! አንተ የምትጮኸው በነፃ ነው። ኒታይ እዚያ ይቀመጣል። ሕጉን በጥሶ ምክንያት የሚሰማ ይመስልሃል?» ከዚያ ወደ ሚስቱ ዞረ። «እኔ በዚህ ጉልበት ምን ላደርግልሽ ነው?»

«ሰባት ምሰሶ ከሄደ ያ መደብ ላይ ተቀምጬ የማንን ዓሣ ነው የምለየው?» አለችው። እሱም መቁረጫውን ነቅሎ ቀርከሃውን መሰንጠቅ ቀጠለ፤ ሲሰነጥቅ ግን መስመሩን ሳተው።

በአራተኛው ቀን አዳራሹ ሞላ። ሹሙ፣ ኮንትራክተሩ፣ ኒታይና ሌሎች ነጋዴዎች፣ ሊቀ መንበራችን ሃዲባንዱ ጄና ከፊት ተቀምጠዋል። ኡላሲ ከበሩ አጠገብ ከሴቶቹ መካከል ተነሥታ እስከ መሐል ድረስ ሄደች። ሴት እዚያ ድረስ ሄዳ አታውቅም።

«ከሐይቁ አርባ ተብሎ ከተጻፈው ውስጥ ሦስቱ የባሕር ናቸው» አለች። «እኔ ነኝ የጨመርኳቸው። ለልጅቷ የመረቅኳት ነው።»

ኮንትራክተሩ ነው መጀመሪያ የሳቀው። «ሳይንሱን በምራቂ አበላሹት!»

«ውጤቱ አልጥም ሲላችሁ ዓሣውን እንክዳለን አላችሁ» አለ ሹሙ። «ማን አስጠናሽ፣ አክስቴ? ይህቺ ልጅ ናት?»

«እኔን ካላመኑ የሰጠችኝን ይጠይቁ። ውጭ ናት፤ እዚህ የተባለውን አልሰማችም።»

ፓይዳማ ተጠራች። ገብታ ያን ሁሉ ሰው ስታይ ቅርጫቷን ደረቷ ላይ አቀፈች።

«ኡላሲ ለልጅቷ ቅርጫት ከአንቺ ዓሣ ወስዳ ነበር?» አላት ሃዲባንዱ።

«ወሰደች። ታዲያ ምራቂ ነው እንጂ ሰረቀች ወይ?»

«ምን ዓይነት ነበሩ?»

«ምን ዓይነት ይላል እንዴ! ቦሮጋ ነዋ። ሦስት። ሁለቱ እንቁላል ያላቸው፤ ይሄን የሚያህል ሆድ። አንዱ ወንድ፣ ጅራቱ የተበላ። እሱን ስሰጥ አፍሬ ነበር፤ ግን ወፍራም ነው ብዬ ሰጠሁ። ጅራቱ አስቀየማት እንዴ?»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ሃዲባንዱ ሣጥኑን ከፈተና ደብተሩን ለሹሙ ሰጠው። ሹሙ መነጽሩን አጠለቀ። በራሱ አፍ እንዲያነብ ሁላችንም አፍጥጠን ጠበቅነው። ቁጥር አንድ፣ እንስት፣ እንቁላል ያላት። ቁጥር ሁለት፣ እንስት፣ እንቁላል ያላት። ቁጥር ሦስት፣ ወንድ፣ ጅራቱ የተቆረጠ። ከዚያ ሪፖርቱን ገለጠ። የባሕር ጽሑፍ ያላቸው ስንት ናቸው? ሦስት። የትኞቹ? አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።

ሹሙ ወረቀቱን አጣጠፈ።

«እንዲህ ያለ ነገር በሪፖርት አይጻፍም» አለ።

«ለምን አይጻፍም?» ብዬ ተነሣሁ። «አንድ ተራ አጥማጅ ከተሳሳተ እስር ቤት ድረስ ይጻፍበታል፤ አንድ ሪፖርት ከተሳሳተ ለምንድነው የማይጻፈው? የናንተ ወረቀት ከሰባት ምሰሶ ይበልጣል?»

«ተቀመጥ» አለኝ ሃዲባንዱ። ልክ ነበር፤ የሚፈለገው የኔ ጩኸት አልነበረም። እሱ ራሱ ለሹሙ በዝግታ ነገረው፤ ዳግም ይጠመድ፣ አርባው እርስዎ እያዩ ይቆጠር፣ እስከዚያ ጫጩት አይለቀቅ፤ ካልሆነ ማኅበሩ አይፈርምም። ሹሙ ወደ ኮንትራክተሩ አየ፣ ወደ ጣራው አየ፣ ከዚያ ዝናቡ ከመግባቱ በፊት ይደረግ ብሎ ተስማማ።

ያኔ ነው ኒታይ ጉሮሮውን የጠረገው።

«እትዬ፣ ለመንግሥት ሦስት ከጨመርሽ ለኔ በሃያ ሁለት ዓመት ስንት ጨምረሽብኛል?»

«ላንተ? ላንተ መርቄልህ አላውቅም» አለችው። «መቼ እንግዳዬ ሆነህ ታውቃለህ?»

ሰዉ ሳቀ፤ ኒታይ ግን ወደ ሃዲባንዱ ዞሮ «ሕግ ሕግ ነው» አለ። ሃዲባንዱ ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም።

«እህቴ፣ ሕጉ…»

«አውቀዋለሁ። ሲወጣ እጄን አውጥቻለሁ።»

መደቧን እስከ መጪው ዓመት ወሰዱባት። ሦስት ዓሣ ለእንግዳ ስለመረቀች። ሪፖርቱን ሳያጣራ ወሽመጡን ሊሸጥ የነበረው ሹም ግን ያን ቀን በመኪናው ወደ ቤቱ ሄደ፤ አንዲት ቀንም ከደመወዙ አልጎደለችም።

ዝናቡ ሊገባ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ሰባት ምሰሶ ላይ ዳግም ተጠመደ። ሹሙ ጫማውን ሳያወልቅ ጀልባ ላይ ወጣ፤ ጥላ ዘርግቶ ተቀመጠ፤ ከሃያኛው ዓሣ በኋላ ፊቱ አረንጓዴ ሆነና ራሱን ከጀልባው ወጣ አድርጎ ቁርሱን ለሐይቁ መለሰ። ያም ሆኖ አርባው በፊቱ ተቆጠረ፤ በፊቱ ተቆረጠ። ወደ ማታ እሱን ሲወስዱት ኢፕሲታ ከኛ ጋር ቀረች። ፓይዳማም ነበረች፤ ነገሩ ከተጀመረ ጀምሮ ምራቂዋ ያመጣውን ጣጣ ጨርሳ ካላየች አትተኛም።

ኡላሲ የጀልባውን መግፊያ እንጨት ውኃው ውስጥ አቆመች፤ ጆሮዋን ከጫፉ አስጠጋች።

«ነይ ስሚ» አለቻት ልጅቷን።

ኢፕሲታ ሰማች። ዓይኗ ፈጠጠ። እኔም ተራዬን ሰማሁ። ከታች፣ ከውኃው ሆድ ውስጥ፣ የሩቅ ሠርግ ከበሮ የሚመስል ድምፅ ይመጣል፤ ዱም ዱም ዱም፣ ጸጥ፣ እንደገና ዱም ዱም።

«ወንዶቹ ናቸው» አለች ኡላሲ። «እንስቶቹን እየጠሩ ነው። ከዝናቡ በፊት ሃያ ቀን ያህል ይመታሉ። አንድ ቀን ከዘነበ ያቆማሉ።»

«ያቆማሉ?» አለች ፓይዳማ። «የኛዎቹ መች ጀምረው! የኛዎቹ ዝናቡ ሲበረታ ነው የሚጀምሩት፤ ከሐይቁ አፍ ውጭ፣ ማዕበሉ ሥር። ባሌ እንጨቱን ነክሶ ነው የሚሰማው።»

ኢፕሲታ ደብተሯን ከቦርሳዋ ለማውጣት ስትጣደፍ ሊወድቅባት ነበር።

«እስቲ ድገሚው። የናንተዎቹ መቼ ይጀምራሉ? የነሱ መቼ ያበቃል?»

ሁለቱ ሴቶች ወራቱን በየበዓላቱ እየቆጠሩ ነገሯት፤ አንዷ ስትረሳ ሌላዋ እያረመች፣ «አንቺ ምን ታውቂያለሽ!» እየተባባሉ። ሃያ ዓመት ጎን ለጎን ተቀምጠው ዓሣ ሲሰጣጡ ይህን ተጠያይቀው አያውቁም። ማን ጠይቋቸው! ሲጨርሱ ልጅቷ ራሷን ነቀነቀች።

«የሐይቁ ሠርግ ሲያልቅ ነው የባሕሩ የሚጀምረው። አፉ ክፍት ቢሆንም አይገናኙም።»

ኡላሲ እንጨቱን ይዛ ቆመች። «እኔ ደግሞ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በር የዘጋባቸውን ስፈልግ። ለካ በር የዘጋ የለም። በጊዜ ነው የተላለፉት!» አለች፤ እንደ ልጅም ሳቀች። መደብ አጥታ፣ ባሏ ደጅ ተቀምጦ እየተከዘ፣ እሷ ጀልባ ላይ ትስቃለች። እኔ ማዘን ፈልጌ ነበር፤ አላስደረሰችኝም።

ውጤቱ ዝናቡ ሲያባራ መጣ። ኢፕሲታ በስልክ ነው የነገረችን፤ ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጌ ኡላሲ ደጅ ላይ ያዝኩት።

«ሠላሳ ዘጠኙ ጥርት ያሉ የሐይቅ ናቸው» አለች።

«አንዱስ?» አለች ኡላሲ።

«አንዱ ግማሽ ነው። ግማሹ የሐይቅ፣ ግማሹ የባሕር።»

«አትንገሪያቸው!» ብዬ ጮህኩ። ልዋሻችሁ አልፈልግም፤ ሠላሳ ዓመት እውነት እውነት እያልኩ መንደሩን ሳስቸግር የኖርኩት እኔ ነኝ እንዲህ ያልኩት። «ያ ሹም አንዱን ይዞ ሠላሳ ዘጠኙን ይረሳዋል!»

«ጽፌዋለሁ፣ ወንድሜ። ሠላሳ ዘጠኙንም አንዱንም። አንድ ብቻ መሆኑ ራሱ ማስረጃ ነው፤ ቢደባለቁ ኖሮ ብዙዎቹ ድብልቅ ይሆኑ ነበር። ፕሮፌሰሬም ፈርሞበታል።»

የቢሮው ደብዳቤ በወሩ ደረሰ። የሰባት ምሰሶ ዕቅድ «በቴክኒክ ምክንያት» ተሰርዟል፤ ጫጩቶቹ ወደ መሬት ኩሬ ይሄዳሉ። ስለ ኡላሲ አንዲት ቃል የለበትም፤ ስለ ስህተቱም የለበትም። ኮንትራክተሩ ግንዶቹን በጭነት መኪና መልሶ ጫነ። ሁለቱ ተረፉት፤ ባይዳር ለቤቱ ምሰሶ አደረጋቸው። መደቡ ላይ አሁን የተቀመጠችው ሴት በሳምንት ሁለቴ ትሳሳታለች፤ ኒታይ የባሕር ዓሣ በሐይቅ ዋጋ እየገዛ ነው፤ እኔ ደግሞ እያየሁ አልነግረውም።

በዚያ የስልክ ቀን ግን ኡላሲ ስለ ሠላሳ ዘጠኙ እንደሰማች እፎይ ብላ ትቀመጣለች ብዬ ስጠብቅ ስልኩን ከእጄ ነጠቀችኝ።

«አንቺ ልጅ! ያ ግማሹ… እናቱ የማን ናት?»

«እንዴት አሰብሽው፣ አክስቴ?» አለች ኢፕሲታ። «ከእናት ብቻ የሚወረስ ጽሑፍ አለ። አይቼዋለሁ። እናቱ የሐይቅ ናት።»

«እንግዲህ አባቱ ነው የገባው።»

«አባቱ ነው።»

«መቼ ገባ? የኛዎቹ ሲጠሩ የነሱ ገና ናቸው። ቀድሞ መጣ ወይስ የኛዋ ዘገየች?»

«አላውቅም፤ ጽሑፉ ወሩን አይናገርም» አለች ኢፕሲታ።

ኡላሲ ስልኩን መለሰችልኝ፤ ባይዳርን ጀልባው ያፈስ እንደሆነ ጠየቀችው። ያፈሳል፣ ግን ውኃውን የሚቀዳ ሰው ካለ ይሄዳል አላት። እኔን አየችኝ። በማግስቱ ፓይዳማን ከአሸዋው ማዶ አንሥተን፣ ከወቅቱ ውጭ የሚጠራ ዓሣ ካለ ለመስማት እስከ ሐይቁ አፍ ሄድን፤ ሁለቱ ሴቶች ከፊት እንጨታቸውን ውኃ ውስጥ አቁመው ማን መጀመሪያ ሰማሁ እንደምትል እየተፎካከሩ፣ እኔ ከኋላ በባልዲ እየቀዳሁ። ያን ቀን ምንም አልሰማንም። በየአሥር ቀኑ እንሄዳለን።